የተያዘው መወጣጫ

እንደሻው የዊልቸሩን ፍሬን ለቆ በመወጣጫው ሊወርድ ሲል፣ ባለባጃጁ ዘላለም ከአስፋልቱ ማዶ ጮኸበት።

«ቆይ አቦ እንደሻው! እንዳትወርድ፣ ሰው አምጥቼልሃለሁ!»

«ቻርጀር የፈለገ ከሆነ ይጠብቀኝ። እኔ ተወጥሬያለሁ!»

«የቻርጀር አይደለም። የልጅቷ ነው።»

እንደሻው መዳፉን ጎማው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። በልጅቷ ስም የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። እንዴት ያስብ? ልጅቷን የወለዳት እሱ ራሱ ነው፤ ያውም ባለፈው ሳምንት።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ቃል ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሲነጠፍ፣ እንደሻው ሞባይል ከሚጠግንባት ኪዮስክ ፊት መወጣጫ ተሠራለት። ሲሚንቶው በወጉ ሳይደርቅ ባጃጆች ሰፈሩበት። ለመነ፣ ተሳደበ፣ አቤት አለ። «ሁለት ደቂቃ ናት» ይሉታል። የሐረር ሁለት ደቂቃ ደግሞ አንድ ሙሉ በርጫ ታስቅማለች። ቢጨንቀው በነጭ ቀለም «ይህ ቦታ ተይዟል» ብሎ ጻፈበት። በማግስቱ ዘላለም አነበበና፣ «በምን ነው የተያዘው? በዛር?» ብሎ ቀለደበት።

እንደሻው ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ቢያቋርጥም በውሸት ማስትሬት አለው። ፊቱን አጨፍግጎ፣ «ድምፅህን ቀንስ፣ ትሰማሃለች» አለው።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሰው! ልጅት ናት አለ፤ በክራንች የምትሄድ። መኪና የእግረኛውን መንገድ ዘግቶባት፣ አስፋልት ላይ ስትወርድ ተገጭታ የሞተች። የአንዱ ክራንች የጫፍ ጎማ ስለወለቀ አካሄዷ አንዴ ዱብ፣ አንዴ ቋ ይላል አለ። ያቆመባት ሰው ጎማው ይተነፍሳል፣ ሲብስም ሚስቱ ታኮርፋለች። አንድ ሚኒባስማ እዚህ ቆሞባት፣ ሹፌር ሳይኖረው ጥሩንባውን እየነፋ እስከ ጊዲር መጋላ ገበያ ነጎደ፤ በርበሬ ተራ ሲደርስ አስነጠሰውና ቆመ አለ። ሹፌሮቹ እየሳቁ ሰሙት፤ እየሳቁም ቦታውን ተዉት። መወጣጫው ባዶ ሆነ። ዊልቸር የሚያስገባው ሽንት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ስለሆነ ከንፈሩ እየደረቀ ይውል የነበረው እንደሻው፣ ይሄን ሰሞን እንደማንኛውም ሰው ውሃ መጠጣት ጀመረ።

አሁን ዘላለም ጥቁር የለበሱ አንዲት እናትን ክንዳቸውን ደግፎ አስፋልቱን እያሻገራቸው ነው። ሴትዮዋ መወጣጫው ግርጌ ሲደርሱ ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ፤ ደጀ ሰላም የደረሱ ያህል።

«አንተ ነህ የምትሰማት?»

«ማንን እማማ?»

«ልጄን። ሙሉነሽ እባላለሁ፤ ቤቴ ሐኪም ጋራ፣ ተራራው ሥር ነው። ይሄ ልጅ ለጓደኛው ሲያወራ ከኋላ ተሳፍሬ ሰማሁት። አንዴ ዱብ፣ አንዴ ቋ አለ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የቤዛ ክራንች እኮ ነው። የግራው ጎማ ወልቆ፣ ነገ እገዛልሻለሁ፣ ነገ እገዛልሻለሁ እያልኩ… እዚሁ መንገድ ላይ ነው የተገጨችው። መኪና አቁመውበት፣ በየት ትለፍ?»

እንደሻው የራሱን ውሸት ወደ ኋላ ፈተሸ። ያንን ጎማ ከየት አመጣው? ማንም አልነገረውም። ሚኒባሱን ከየት እንዳመጣው ያውቃል፤ ከሆዱ ነው። የክራንቹ ግን… ምናልባት አንድ ቀን፣ የተፈታ ሞባይል ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ በፊቱ ሲያልፍ ሰምቶት ይሆን? ዱብ፣ ቋ። ቀና ሳይል ቀርቶ ይሆን?

«ምን ትላለች?» አሉት። «እናቴን አላለችም?»

ሌሎቹ ባለባጃጆችም ከተራቸው እየወረዱ ተጠጉ። እንደሻው አያቸው። ዛሬ ውሸት ነው ቢል፣ ነገ ማለዳ መወጣጫው ላይ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ልጅቷ እናቷን ጠርታለች ቢልስ? አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ብላለች» ማለት። ከሚኒባሱ ትቀል ነበር።

«እማማ» አለ፣ «ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ባጃጅ እንዳያቆሙብኝ ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ዘላለም ኮፍያውን አወለቀ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ራሱን ስቶ እንደሚቃዥ በሽተኛ በሐዘኔታ አዩት። «ጎማውንስ ማን ነገረህ ልጄ?»

እንደሻው ምስክር ፍለጋ ወደ ዘላለም ዞረ።

«አይዞህ። እንዳትናገር ብላህ ይሆናል። እሷ እንደሆነች ሰው አላስቸግርም ባይ ናት።»

ይህን ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና መወጣጫው መሃል ላይ ተቀመጡ። ሹፌሮቹ አንድ በአንድ፣ ሞተር እንኳን ሳያስነሱ፣ ባጃጆቻቸውን በእጃቸው እየገፉ ከአካባቢው ራቁ። ዘላለም ብቻ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ቆሞ ቀረ።

እንደሻው ከላይ ሆኖ «ያሳልፉኝ» ለማለት ሦስት ጊዜ ጎማውን ወደፊት ገፋ አደረገ። ሆዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከበደው። በግራም በቀኝም የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ክንድ ያህል ከፍ ያለ ነው። ፍሬኑን መልሶ ያዘው።

ፀሐይዋ ዞረች። ሴትዮዋ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። እሱም ሳያውቀው ያዳምጣል። በመሃል ድንገት ቀና ብለው ወደ መንገዱ ጫፍ ተመለከቱና፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ጠጋ አሉ።