የባሏ ጋቢ

በረዶው የቧሂትን ተራራ መንገድ ስለዘጋው አምቡላንሱ ማለፍ አቅቶት ከቁልቁለቱ ግርጌ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። አራት ሰዎች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው፣ እስከ ጉልበታቸው በረዶ ውስጥ እየሰመጡ ይወርዳሉ። ከፊት የተሸከመው ባሏ ነው። በረዶው ፊቷ ላይ ሲከመርባት ጋቢውን አውልቆ ፊቷን ሸፈነላት።

«አለሽልኝ፣ ያለምዘውድ?»

«አለሁ፤ ብቻ ፍጠኑ።»

ግርጌው ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል። ቃሬዛው ሲደርስ ኮፍያቸውን አወለቁ። አምቡላንሱ ግን የለም።

«መኪናውስ?» አለ ባልየው እያለከለከ።

አንድ ሽማግሌ ቀርበው አቀፉት።

«አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ። ፊቷ መሸፈኑን ከሩቅ ስናይ መኪናውን አሰናበትነው። ለሌላ ወላድ ተጠርቶ ሄደ።»

ከጋቢው ሥር ሴትየዋ አቃሰተች።