የሚጠብቅ ስክሪን

ስክሪኑ ላይ የመሞከሪያዋ ኳስ ሳትንገጫገጭ ስትንከባለል፣ ፕሮግራመሩ «ሠራ!» ብሎ ጮኸ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን እንኳን ደስ ያለህ የሚለው ሰው አልነበረም። በራሱ ምት ይጋልብ የነበረውን ስክሪን፣ እያንዳንዱ ምስል እስኪደርስ እንዲጠብቅ አስተምሮት ነበር። ከእንግዲህ በሊኑክስ ሲስተም በሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ የሚንገጫገጭ ቪዲዮ አይኖርም።

ለዚህ ቀን ያስቀመጠው ቪዲዮ ነበረው፤ እናቱ ከማረፏ በፊት መስኮት አጠገብ ቆማ እጇን እያውለበለበች የላከችለት። ያኔ ደውሎ «እማዬ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል እኮ» ሲላት ከት ብላ ስቃ፣ «ያንን ኮምፒውተርህን አስተካክል! እኔ ምን እሆናለሁ፣ ልጄ?» ብላው ነበር። እሱም አመናት፤ የኮምፒውተሩን አመል ያውቀዋላ።

ከፈተው። መጋረጃው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ከኋላዋ በመንገዱ ላይ አንድ ብስክሌት ሳይደናቀፍ አለፈ። እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮዱን ጠርጥሮ መልሶ ከፈተው። መጋረጃው ፈሰሰ፣ ብስክሌቱ አለፈ፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ መዳፉን ዘርግቶ ስክሪኑ ላይ፣ እጇ ላይ አሳረፈ፤ ደግፎ የሚያረጋጋት ይመስል፣ ቪዲዮው እስኪያልቅ አላነሳውም።