የሽቶው ክዳን

እንግዳው የሽቶውን ክዳን በሁለት ጣቱ ሲያነሳው ሠርፀ አፍጥጦ አየው። ክዳኑ ከቼዝ ጠጠሮቻቸው የጠፋችው ነጭ ንግሥት ምትክ ነበር፤ ሽቶውን ግን ለሚስቱ ለበዛብሽ ከጁባው ካስተም ገበያ የገዛላት እሱ ነው። በዛብሽ ከሆቴላቸው እንግዳ ከኢንጂነሩ ጋር ላፕቶፑና የቼዝ ሰሌዳው ፊት ጎን ለጎን ተቀምጣ አውሮፓ የሚካሄደውን ታላቅ የቼዝ ውድድር ትከታተላለች። የጁባ ኢንተርኔት ቀጣዩን እርምጃ እየተጎተተ እስኪያመጣው፣ ሁለቱ ይገምታሉ።

«ንግሥቷን ይሠዋታል፤ ምን አለች በለኝ!» አለች። እንዳለችውም ሆነ። እየተሳሳቁ እጅ ለእጅ ተማቱ። ሠርፀ እንዲህ ስትስቅ ያየበትን ቀን ማስታወስ አቃተው።

ወደ ጓሮ ወጥቶ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ማራገቢያው ቆመ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ።

«ነዳጅ አልቋል» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ችግር የለም» አለ እንግዳው ላፕቶፑን እየከደነ። «የቀረውን እኛው እንጫወተዋለን።»

በዛብሽ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ከእንግዲህ የምታየው ስክሪን የለም፤ ያለው ሰውየው ብቻ ነው።

ሠርፀ ተመልሶ ሮጠና የጄኔሬተሩን ገመድ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። አልነሳ አለው። ደግሞ ሳበው።

«ተወው እንጂ ሠርፄ!» አለችው ሚስቱ ከውስጥ፣ ድምጿ ውስጥ ሳቅ እንዳለ። «አልቋል ብለህ የለ?»