የፊት ግራ ጎማ

አሻግሬ ቀዪቱን የውድድር መኪና የመካኒኩ የሽታው ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሲያቆማት፣ ያየ የሐይቅ ሰው ሁሉ አማተበ። ባጃጅ ነጂው ኑርዬ ብቻ ሳቀ።

«ወላሂ ይቺ መኪና ሱጁድ ላይ ናት! ሆዷ መሬት ነክቷል እኮ።»

አብሮት የሳቀ የለም። አሻግሬ የሽታውን ታናሽ ወንድም ምስክርን የገደለ ሰው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከሐይቅ ውጫሌ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ ምስክር ረዳቱ ነበር። ያን ጊዜ ሦስቱም ከአንድ ገበታ ይበሉ ነበር፤ ሚኒባሱም የሚያድረው እዚሁ ጋራዥ ነበር። የአምባሰል ቁልቁለት ላይ የፊት ግራ ጎማው ወልቆ ሄደ። መኪናው ገደል ገባ፤ ምስክር ሞተ፤ አሻግሬ ተረፈ። ፍርድ ቤት ሲቆም አልተከራከረም። «ጎማውን ሳላጠብቅ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለና ሁለት ዓመት ወህኒ ወረደ። ሲፈታ አዲስ አበባ ሄዶ የአንድ ሀብታም ሰው የውድድር መኪና ነጂ ሆነ።

የሟቹ እናት የሺሀረግ ከዚያ ወዲህ ስሙን በአፏ አልጠራችም። «ያ ሰው» ነው የምትለው። ሽማግሎች ገብተው ሲያስታርቁ፣ ያጎረሷትን ጉርሻ ከአፏ አውጥታ መሬት ጣለችው። ጧት ጧት ዳዊት ስትደግም፣ እርግማኑ ያለበት መዝሙር ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ሽታውም ቅዳሴ ሲሄድ ከደጀ ሰላም አላልፍ ካለ ሦስት ዓመቱ። ቂም የያዘ ሰው ወደ ሥጋ ወደሙ አይቀርብም፤ ሰውም እንዲያ ነው የተረዳው። እናቱም አልወቀሰችውም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለ ሽታው፣ ቀና ሳይል።

«እሑድ ኮምቦልቻ ውድድር አለብኝ። ቡሎኖቹን አውጥተህ እነዚህን ትከልልኝ።»

አሻግሬ ከረጢት ከፈተ፤ ሃያ ራስ አልባ ቡሎንና ሃያ ዳዶ ነበረበት። የዚያች መኪና ጎማ የሚያዘው ከውጭ በኩል በሚገባ ቡሎን ነው። ውድድር ላይ ጎማ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ ቡሎኑ በወጣ በገባ ቁጥር ጎማው የሚታሰርበትን የሞዞውን ጥርስ ይበላዋል። ራስ አልባው ግን አንዴ ሞዞው ላይ ከተተከለ እዚያው ቀረ፤ ጎማው ይሰካበታል፣ ዳዶው ከላይ ይጠብቃል።

«ደሴ ስንት ጋራዥ አለ፣ ለምን እኔ ጋ?»

«ካንተ እጅ ሌላ አይነካትም።»

ሽታው የያዘውን መፍቻ አጥብቆ ጨበጠ። የሺሀረግ ከጓሮ በር ቆማ አየችው። ደሙ ፈላ፣ አለች በልቧ።

«እትዬ የሺሀረግ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ አሻግሬ ጎንበስ ብሎ።

«እግዜር ይይልህ!» ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ገባች።

ማታ እራት ሲቀርብ ለልጇ እንዲህ አለችው፦ «እግዜር ጠላትህን እጅህ ላይ ጣለልህ።»

«እማዬ፣ ተይኝ በእናትሽ።»

«ምን አልኩህ? እኔ ምንም አላልኩም።»

ሽታው አንድ ልማድ አለው። ጎማ አጥብቆ ሲጨርስ በየዳዶው ላይ በነጭ ቀለም መስመር ያሰምራል። መስመር ያለው የጠበቀ ነው፤ የሌለው ያልጠበቀ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የጀመረው ነው። ነገሩ አስተምሮት ነው፣ ይላል ሰው።

ዓርብ ሦስቱን ጎማ ጨርሶ አራተኛው ላይ ሲደርስ እናቱ ለምሳ ጠራችው። ሽታው እናቱ ከጠራችው የያዘውን ጥሎ የሚሮጥ ልጅ ነው። ምስክር የሞተ ዕለት እንኳ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ንግሥ ሆኖ፣ ሴት ስለማትገባ፣ ስለቴን አድርስልኝ ብላ ብትልክበት የጀመረውን ሥራ ጥሎ እጁን ሳይታጠብ ነው ከጋራዡ የበረረው። ዛሬም መፍቻውን መሬት ላይ ጥሎ መጣ።

ምስር ወጡን እየተቻኮለ በላ። አሻግሬ ደጅ ቆሞ ነበር።

«ያ ሰው ምን ይገትረዋል?»

«ቸኩሏል» አለ ሽታው። ሁለት ጉርሻ ሲቀረው ተነሣ። ሄዶ ክሪኩን አወረደ። «ጨርሻለሁ፤ ውሰዳት።»

አሻግሬ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። የሺሀረግ ሳህኑን እንደያዘች ዓይኗ ጎማዎቹ ላይ አረፈ። የኋላው ጎማ ዳዶዎች ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። የፊት ግራው ግን አምስቱም ዳዶ ጥቁር ነው።

ገባት። ልጇ አደረገው። ሦስት ዓመት የለመነችው ነገር ይኸው ደረሰላት። ተመስገን ልትል አፏን ከፈተች። ግን የሽታው እጅ በካቴና ታያት። ያ ሰው እናት እንዳለችው ትዝ አላት።

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ መኪናዋ ፊት ቆመች።

«አሻግሬ! ውረድ! አሻግሬ፣ ያ ጎማ መስመር የለውም!»

ሞተሩ ጠፋ። ሽታው ጎማውን አየ። መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«እማዬ፣ ምሳ ብለሽ ስትጠሪኝ...»

«ዝም በል! የእኔ ምላስ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ!» ደረቷን መታች።

አሻግሬ ወርዶ ተንበረከከ። አንዱን ዳዶ በሁለት ጣቱ ያዘው፤ ዞረለት። አልተቆጣም። መፍቻውን ከመሬት አነሣ፣ በሱሪው ጠረገው፣ ለሽታው ዘረጋለት።

«ሽታው፣ ባንተ ፈንታ ሁለተኛ ወህኒ አልወርድም፤ ይሄን እንኳ ራስህ አጥብቀው።»