ከዳዊቱ ሥር የነበረው ፓኮ

በጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የምትፈትሸው ልጅ የቄሱን ቦርሳ ከፍታ እጇን ሰበሰበች። ከዳዊታቸው ሥር፣ እንደ መስቀላቸው በነጭ መሐረብ የተጠቀለለ የሲጋራ ፓኮ ከነላይተሩ ነበር። ፓኮውን አየች፤ ጥምጥማቸውን አየች። ሲጋራው አይከለከልም፤ ላይተሩን ብቻ አስቀርታ ልትሸኛቸው ትችል ነበር። ግን አላስቻላትም።

«አባ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?»

«የልጄ ነው» አሉ ቄሱ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «የዛሬ ሦስት ዓመት ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ከበረቱ ካብ ውስጥ ሲሸጉጠው አየሁት። ማየቴን አውቆ በማግስቱ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም፤ ብደውልም አያነሳም።»

ልጅቷ ላይተሩን ለይታ አስቀመጠች። ፓኮው ግን እጇ ላይ ቀረ። «እና ቄስ ሆነው ሲጋራ ይወስዱለታል?»

«ምነው ልጄ፣ ቢተወውማ ሸጋ ነበር።» ቄሱ ፓኮውን ተቀብለው በመሐረቡ መልሰው ጠቀለሉት፤ ጫፉንም ቋጠሩ። «ግን ልቆጣው ብፈልግ ያን ቀን እጥለው ነበር። ሦስት ክረምት ዝናብ ሳላስነካ ያቆየሁለት፣ እጁ ላይ አስቀምጬ ‹አይቻለሁ፤ አሁን ወደ ቤትህ ና› ልለው ነው።»