ለእሷ የሚሆን ሙሾ

እናትየው የሟች ልጃቸውን ነጭ ጋዎን በለቅሶው መሐል በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጉት። በአንበሳሜ ገጠር ሟች ይሠራበት የነበረ ዕቃ እንዲህ ይያዛል፤ ለገበሬ ጅራፉ፣ ለቄስ መቋሚያው። ጋዎኑን ከደብረ ታቦር ያመጣችው አብራት ለማስተርስ ትማር የነበረች ጓደኛዋ ነበረች። አልቃሿ ነጩን ልብስ ስታይ ሟቿን የበሽተኛ ፈዋሽ ብላ አሞገሰቻት፤ ለቀስተኛውም ደረቱን እየደቃ ተቀበላት።

«ተይ!» አሉ እናትየው። «ልጄ ሐኪም አልነበረችም። በሰው ሙያ አታልቅሽላት።»

«ታዲያ ምን ልበልላት፣ እትዬ? ነጩን አይቼ እኮ ነው!»

እናትየው ወደ ልጃቸው ጓደኛ ዞሩ። «ምንድን ነው የምትማሪው ስላት፣ ‹ሞለኪውላር ባዮሎጂ ነው እምዬ፣ ስጨርስ አስረዳሻለሁ› ትለኝ ነበር። ሳትጨርስ ቀረች። አንቺ ንገሪን፣ ልጄ።»

ጓደኛዋ በላብራቶሪ ከተማሩት ቃል ሁሉ ለዚያ ድንኳን የሚሆን ፈልጋ አጣች። «ዋግ የመታውን ስንዴ ትመረምር ነበር» አለች። «አንዱ ሲሞት ሌላው በምን እንደሚተርፍ ከውስጡ ትፈልግ ነበር።»

ዋግን የማያውቅ ገበሬ አልነበረም። አልቃሿ ግን ለዚህ የሚሆን ግጥም አልመጣላትም። እናትየው የጋዎኑን እጅጌ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ራሳቸው ጀመሩት፦

«የስንዴን በሽታ ስትመረምር ኖራ፣
የራሷን ሕመም ግን ለእኔ ሳታወራ።»