ብሪን ከጫካው ስትደውል

በብስክሌት ጉዟችን በሦስተኛው ቀን፣ ሬድውድ የሚባሉት ግዙፍ ዛፎች ያሉበትን ጫካ አቀበት ቀድሜ ወጥቼ ሣር የለበሰው ኮረብታ ላይ ታናሽ እህቴን ብሪንን ስጠብቅ ደወለችልኝ።

"ጎማዬ ተነፈሰ። መንፊያው አንቺ ጋ ነው።"

"ሁልጊዜ አንቺ! ቆዪ፣ ተመልሼ ልውረድ።"

"ደግሞ ትቀልጃለሽ!" ብላ ሳቀች። "ይኸው እየመጣሽ አይደል? ቢጫ ጃኬትሽ በዛፎቹ መሃል ይታየኛል።"

ጃኬቱን እንደለበስኩ ነበር። ከእሷ እስከ እኔ አራት ኪሎ ሜትር ይሆናል።

"ብሪን፣ እኔ አይደለሁም! እኔ ላይ ነኝ!"

ሳቋ ጠፋ። "ታዲያ አንቺ ማነሽ?" አለችኝ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቁልቁለቱን ተንደረደርኩ።

"ዝጊው፣ የኔ እህት" ሲላት ሰማሁ፣ የገዛ ድምፄ። "አታናግሪያት።"

"እሺ" አለቻት ብሪን።